ለስንት ሰዓት?

በፋርማሲ መስኮት በኩል በሹክሹክታ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂው መጀመሪያ ከኋላው ሰው መኖር አለመኖሩን ገልመጥ ብሎ ያያል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለስንት ሰዓት ይሠራል?» ይላል። እኛም በየዶርሙ መብራት ከጠፋ በኋላ ይህንኑ ጥያቄ በቀልድ ጠቅልለን ስንወራወረው እናመሻለን። ሳቁ ሲያበቃ ግን መልሱን በደንብ የሚያውቅ አይገኝም። የምናወራው የወንድን የወሲብ ችግር ለማከም ስለሚወሰዱት እንክብሎች፣ ስለ እነ ቪያግራ ነው።

ይሄ ጉዳይ በሥነ ጽሑፍ ቡለቲን ውስጥ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖራል። «ነውር አይደለም ወይ?» የሚልም አይጠፋም። ነውሩ የቱ ጋ እንዳለ መፈለግ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለሆነ ተቃውሞውን ይዘን እንቀጥላለን። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም አለው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂው የሚፈልገው መድኃኒቱ ሊሰጠው የማይችለውን ነው። መድኃኒቱ የሚሰጠው ሰዓት ነው። ሰውየው የሚፈልገው ግን ዕድሜ ልኩን «ወንድ ነህ» የሚለው ማረጋገጫ ነው። ሰዓት ተቀጣጥሎ ማረጋገጫ አይሆንም።

በመጀመሪያ ለተጠየቀው በቀጥታ እንመልስ።

ቪያግራ ተብሎ ገበያ ላይ የወጣው ሲልደናፊል ሲጀመር ለዚህ ጉዳይ የታሰበ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሳንድዊች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ፣ የፋይዘር ኩባንያ ተመራማሪዎች ለደም ግፊትና ደረትን ሰቅዞ ለሚይዝ የልብ ሕመም መድኃኒት ሲፈልጉ ያገኙት ነው። ለልቡ የታሰበውን ያህል አልረዳም፤ በሙከራው የተሳተፉ ወንዶች ግን ያልተጠበቀ ሌላ ለውጥ አስተዋሉ። ተመራማሪዎቹም መንገዳቸውን ቀየሩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በማርች 1998 ፈቀደው። በዚያው ዓመት ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በልብና በደም ሥሮች ውስጥ እንደ መልእክተኛ ሆኖ እንደሚሠራ በማሳየታቸው የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተቀበሉ። እንክብሉ የሚሠራውም በዚሁ መልእክተኛ መንገድ ላይ ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ቫርደናፊልና ታዳላፊል፣ በ2012 ደግሞ አቫናፊል ተፈቀዱ።

ሰዓታቸው እንግዲህ ይለያያል። ሲልደናፊል ከተዋጠ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት ይጀምርና 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ባንዳንዱ ሰው ትንሽ ይረዝማል። በአራተኛው ሰዓት ላይ ያለው ኃይል ግን በሁለተኛው ላይ ከነበረው ያነሰ ነው። ጮማና ቅቤ የበዛበት ራት ላይ የወሰደው ሰው አጀማመሩ ስለሚዘገይበት «አታለሉኝ» ቢል መድኃኒቱን ሳይሆን ክትፎውን ይውቀስ። ቫርደናፊል በሰዓቱ ከሲልደናፊል ብዙም አይርቅም። አቫናፊል ቶሎ የሚጀምር ነው። ታዳላፊል ግን እስከ 36 ሰዓት ይሄዳል፦ ዓርብ ማታ 3 ሰዓት ላይ የዋጠው ሰው እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ ሊረዳው ይችላል። ምክንያቱ ሰውነታችን የሲልደናፊልን ግማሽ ለማስወገድ 4 ሰዓት ገደማ ሲበቃው፣ የታዳላፊልን ግማሽ ለማስወገድ 17 ሰዓት ተኩል ስለሚፈጅበት ነው።

መልሱ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ወረቀቱን አጥፎ ወደ መኝታው ለመሄድ የሚነሣ አንባቢ ካለ ግን ትንሽ ይታገሠን፤ ሰዓቱ የምን ሰዓት እንደሆነ ገና አልተናገርንም።

«36 ሰዓት» ሲባል ሰምቶ ሰውየው 36 ሰዓት ሙሉ ቆሞ የሚያድር የሚመስለው አለ። አይደለም። (እንዲያውም ከ4 ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ የቆመ እንደሆነ ሰውየው የሚሄደው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ዘላቂ ጉዳት ያመጣል።) ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስሜት ሲነሣ በነርቭ በኩል ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቀቃል። እሱ ደግሞ በብልት ውስጥ ያሉትን ጡንቻዎችና የደም ሥሮች የሚያላላ ሌላ ንጥረ ነገር ያስነሣል፤ ደምም ይሞላል። ይህን የሚያላላ ንጥረ ነገር እየተከታተለ የሚያፈርስ ኤንዛይም በቦታው አለ። የእንክብሉ ሥራ ያንን አፍራሽ ማገድ ብቻ ነው። በምሳሌ እንናገር ከተባለ፣ ኩራዝ የሚለኩስ አለ፤ ኩራዙን እፍ የሚል አለ። እንክብሉ እፍ የሚለውን አፉን ይይዝለታል እንጂ ኩራዙን አይለኩስም። የሚለኩሰው ከሌለ አራቱም ሰዓት ሠላሳ ስድስቱም ሰዓት በጨለማ ያልፋል።

ከዚህ የሳይንስ ነገር አንድ የሥነ ምግባር ነገር ይከተላል። በየዶርሙ «መድኃኒት ወስዶ ከሴት ጋር መሆን ኩረጃ ነው፤ የራሱ ባልሆነ ኃይል ነው» የሚል ክርክር ሲነሣ እንሰማለን። በዚህ አንስማማም። ኮራጅ የሌለውን እውቀት እንዳለው ያስመስላል። እንክብሉ ግን የሌለውን ፍላጎት አይፈጥርም፤ ያለው ፍላጎት መንገድ እንዲያገኝ ይረዳል። መነጽር ያደረገ ተማሪ ፈተናውን ኮረጀ አይባልም፤ ያነበበው በራሱ ዓይን ነውና። ስለዚህ ነውሩ መድኃኒቱ ውስጥ የለም። ወደ ሌላ ቦታ ሄደን እንፈልገው።

እስቲ ከቋንቋችን እንጀምር። ለዚህ ሕመም ያወጣንለት ስም «ስንፈተ ወሲብ» ነው። ስንፈት ደግሞ ሰነፍ ከሚለው ቃል ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነው። ስኳር የያዘውን ሰው ቆሽቱ ሰነፈ አንለውም፤ ዓይኑ የደከመውን ሰው ሰነፍ ብለን አንሰድበውም። ይሄኛው ታማሚ ግን ገና ሐኪም ቤት ሳይደርስ በስሙ ተፈርዶበታል፦ እንደማያጠና ተማሪ፣ እንደማያርስ ገበሬ። ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

ፍርዱ ትክክል ነው ወይ? ሰነፍ የሚባለው ማድረግ እየቻለ ያላደረገ ነው። ይህ የሰውነት ክፍል ደግሞ በፈቃድ የማይታዘዝ መሆኑን ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አስተውለዋል። ሰሜን አፍሪካዊው አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ በ14ኛው ክፍል ይህንኑ አንሥቶ ተጨንቆበታል፦ እጅና እግር ሲያዟቸው ይታዘዛሉ፤ ይህኛው ግን ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሲጠሩት ይቀራል። እሱ ይህን የመጀመሪያው ሰው አለመታዘዝ ቅጣት አድርጎ ተረጎመው። ከሺ ዓመት በላይ ቆይቶ ፈረንሳዊው ሞንቴይን ስለ ምናብ ኃይል በጻፈው ድርሰት ላይ ሌላ ነገር ጨመረ፦ ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያስረው «ባይሆንልኝስ?» የሚለው የራሱ ፍርሃት ነው አለ። አንደኛው የሃይማኖት አባት ነው፣ ሁለተኛው ተጠራጣሪ ነው፤ ነገር ግን ክፍሉ ለፈቃድ የማይገዛ በመሆኑ ላይ ተገናኝተዋል።

ለፈቃድ ያልተገዛ ነገር ደግሞ አያስመሰግንም፣ አያስወቅስምም። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ የታተመ አንድ የማሳቹሴትስ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 ከሆኑ ወንዶች ውስጥ ከ100 52ቱ በመጠኑም ቢሆን ይህ ችግር ነበረባቸው። የግማሹ ሰው ዕጣ የሆነው ነገር እንዴት የአንድ ሰው ውርደት ይሆናል? መድኃኒቱ ራሱ ስለ ወንድነት የሚያውቀው ነገር የለም። ይኸው ሲልደናፊል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሌላ ስም የሳንባቸው ደም ሥር ግፊት ለበዛባቸው ሕሙማን ይሰጣል፤ ከእነሱም ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እንክብሉ የሚያውቀው የደም ሥርን ነው። ወንድነት የሚለውን ሸክም የጫንንበት እኛ ነን።

እንግዲህ አካሉ አልታዘዝ ያለው ሰው አይወቀስም ካልን፣ የሚወቀስበት ነገር የለውም ማለት ነው ወይ? እዚህ ላይ ነው ከአንዳንድ ጓደኞቻችን ጋር የምንለያየው። አካሉ ባይታዘዘውም ምላሱ ይታዘዘዋል። ልናገር ቢል ይናገራል፣ ዝም ልበል ቢል ዝም ይላል። የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት ዛሬ የተሸነፈ ይመስላል። አንድ ሰው በሽታውን ከሐኪም ደብቆ፣ ከሚስቱ ደብቆ፣ እንክብሉን በእጅ አዙር አግኝቶ ሊውጥ ይችላል፤ እንክብሉም ሊሠራለት ይችላል። ደብቆም መድኃኒት አገኘ! ተረቱ ቀረ እንዴ?

አንድ የ50 ዓመት ሰው እናስብ። ከሚስቱ ጋር 20 ዓመት ኖሯል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ እየተሳነው ሲመጣ «ደክሞኝ ነው» ይላታል፤ ሌላ ቀን «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል፤ ቀጥሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ይጀምራል። እሷ ስለ ደም ሥር የምታውቀው የለም። የምታውቀው የዞረውን ጀርባ ነው። «አርጅቼበት ነው»፣ «አስጠልቼው ነው»፣ «ሌላ ይዞ ነው» ትላለች በልቧ። የእሱን በሽታ እሷ ታመመችለት ማለት ነው። ከዚያ እሱ እንክብሉን አገኘ፤ ሳይነግራት ዋጠ፤ ሆነለት። ሁሉ ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በዚያ መኝታ ቤት ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚያየው ሰዓት ተሰቅሏል። እሷ ስለ እህቷ ሕመም ልትነግረው ስትጀምር እሱ በልቡ ይቆጥራል፦ አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሦስት ሰዓት ቀረኝ። «ዛሬ ደክሞኛል» ስትለው የተበሳጨው ለምን እንደሆነ አይገባትም፤ እንክብሉ ባክኖበት ነው። ኩራዙን መለኮስ የነበረባቸው ሁለቱ ነበሩ፤ አሁን ግን አንዱ በሌላው ላይ ሰዓት ይዞበታል። በደል የምንለው ይህንን ነው። መድኃኒቱን መዋጡ አልነበረም በደሉ፤ ያላወቀችውን ቀጠሮ እንድታከብርለት መጠበቁ ነው።

ተረቱ የሚያሸንፍበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይሄኛው በቀጥታ የሞትና የሕይወት ነገር ነው። ወደ ብልት የሚሄዱት የደም ሥሮች ከልብ የደም ሥሮች ይቀጥናሉ። ስለዚህ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ሲጋራ ወይም ስብ የደም ሥርን ማጥበብ ሲጀምር ቀጭኑ ቀድሞ ይናገራል። ያ የመኝታ ቤት ችግር ከልብ ሕመም ዓመታት ቀድሞ የመጣ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ሰውየው እንክብሉን በድብቅ እየዋጠ ማስጠንቀቂያውን ዝም ያሰኘዋል። ከዓመታት በኋላ «መድኃኒቱ ለመደኝ፣ እንደ ድሮው አይሠራልኝም» ቢል፣ ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ እንክብሉን ለምዶት አይደለም፤ ከሥር ያለው በሽታ ሳይታከም ስለገፋ ነው። «ለስንት ሰዓት ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ «ለስንት ዓመት ይሠራል?» ወደሚለው ሲዞር መልሱ ከእንክብሉ ይወጣና የደም ሥሩ እንዴት እንደተያዘ ይጠይቃል።

የመጨረሻውንም እንጨምር። ይኸው ሰው አንድ ቀን ደረቱን ይይዘውና ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ወስደዋል?» ይሉታል። ሚስቱ እጁን ይዛ አጠገቡ ቆማለች። «ምንም» ይላል። ለደረት ሕመም የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ደግሞ ከነዚህ እንክብሎች ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ቁልቁል ይጥላል። ስለዚህም ነው ሐኪሞች ሲልደናፊል ከተወሰደ ገና 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከተወሰደ ገና 48 ሰዓት ካልሞላ ያንን መድኃኒት የማይሰጡት። ልብ በሉ፦ በመኝታ ቤት 4 የነበረው እዚህ 24፣ እዚያ 36 የነበረው እዚህ 48 ሆኗል። ሰውየው ሲቆጥር የኖረው አንዱን ሰዓት ብቻ ነው። ሌላኛውን ሰዓት ሐኪሙ ሊቆጥሩለት ይችሉ ነበር፤ ምላሱ ግን አልታዘዝ አለው፤ ማለትም አላዘዘውም። አካሉ ሳይታዘዝ ሲቀር ሰነፍ አልነበረም። አሁን ግን ያ ቃል ቦታውን አገኘ ቢባል የሚከራከር ያለ አይመስለንም።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቃለን፣ ቀላልም አይደለም። «ሰው ስለ ገዛ ገላው ምሥጢር የመጠበቅ መብት የለውም ወይ? ነግሯት ብትስቅበትስ? ለእናቷ ብትነግርስ? ሠፈሩ ቢሰማስ?» ይባላል። መብቱ አለው። ለዕድርተኛው፣ ለሥራ ባልደረባው፣ ለጎረቤቱ፣ ለእኛም ቢሆን የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ጠያቂም ቢመጣ በር ይዝጋበት። ነገር ግን ምሥጢር ማለት ያንተ ብቻ የሆነ ነገር ነው። ሚስቱ ራሷን ስትወቅስበት የኖረችው ነገር የእሱ ብቻ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ከዋጋው ግማሹን ከፍላለች። መሣቋን በተመለከተ፣ ልትስቅ ትችላለች፤ ዋስትና አንሰጥም። ግን ከሣቀች የሚታወቀው የእሷ ማንነት ነው። ካልሣቀች ደግሞ ያ የተሰቀለ ሰዓት ከግድግዳው ይወርዳል፤ አንድ ማታ ባይሆንም ባይሆን ነው፣ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል።

አሁን ወደ ራሳችን፣ ወደ ግቢያችን እንምጣ። ከመካከላችን ምንም ሳይጎድለው «ለመጠባበቂያ» ብሎ የሚውጥ አለ። ጤነኛ የሆነ የ20 ዓመት ልጅ ከእንክብሉ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፤ ራስ ምታቱ፣ የፊት መቅላቱና የአፍንጫ መታፈኑ ግን ሊመጣለት ይችላል። ባልታወቀ እጅ የተገዛ እንደሆነ ደግሞ የዋጠው ነገር እንክብሉ ራሱ ለመሆኑም ማረጋገጫ የለውም፤ በዓለም ላይ በብዛት አስመስለው ከሚሠሯቸው መድኃኒቶች አንዱ ይኸው ነው። እነዚህን ሁሉ ብናልፋቸው እንኳ አንድ የማናልፈው አለ። እግሩ ሳይሰበር ምርኩዝ ይዞ የሄደ ልጅ ምርኩዙ እግሩን አይሰብረውም፤ ግን ያለ ምርኩዝ መሄድ መቻሉን የሚያውቅበትን ቀን ያራዝምበታል። ሞንቴይን ያለው ያ «ባይሆንልኝስ?» የሚለው ፍርሃት በእንክብሉ አይድንም፤ በኪስ ተይዞ ይዞራል። አንድ ቀን ኪሱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ጨምሮ ይመጣል። ለዚህ ልጅ የምንመክረው መጀመሪያ ሐኪም እንዲያነጋግር ነው፤ ሁለተኛም ያቺን ልጅ እንዲያነጋግር ነው። ከማያነጋግራት ልጅ ጋር ከሆነ የሚተኛው፣ ችግሩ የ4 ሰዓት ችግር አይደለም።

በእውነት ለታመመው ሰው ግን እንክብሉ ትልቅ ነገር መሆኑን መካድ አንፈልግም። ከእሱ በፊት የነበሩት ሰዎች ያዩትን መከራ እናስባለን፦ ሥር ሲቀጠቀጥላቸው፣ ድግምት ሲደገምላቸው፣ «ታስረህ ነው» ተብለው ከጎረቤት ጋር ሲጣሉ የኖሩትን። ለእነሱ ቢደርስ ኖሮ ስንት ትዳር ባልፈረሰ ነበር። አንድ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ ልቡን ተመርምሮ፣ ለሚስቱ ነግሮ፣ እንክብሉን ቢወስድ እኛ የምንለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ እሰይ።

እንግዲህ ከመስኮቱ ፊት ለቆመው ወንድማችን መልሱን ጠቅለል አድርገን እንስጠው። አንደኛው 4 ሰዓት፣ ሌላኛው 36 ሰዓት ይሠራል፤ ስብ የበዛበት አትብላበት፤ እንደ ናይትሮግሊሰሪን ያለ የልብ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ፈጽሞ አትንካው፤ ሐኪምህን ጠይቅ። ይህን ሁሉ ፋርማሲስቷ ትነግርሃለች፤ ጮክ ብለህ ብትጠይቃትም አታፍርብህም። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ሰዓት፣ ማለትም ከ24ቱ 20ውን፣ ከሳምንቱም ብዙውን፣ ያለ እንክብል የምትኖረው አንተ ነህ፤ የምትኖረውም ከአንዲት ሰው ጋር ነው።

በዚህ የማይስማማ፣ በተለይ ምሥጢርን በተመለከተ ያልነው ከልክ ያለፈ የሚመስለው ጓደኛ ካለ፣ ብዕሩን ያንሣና ይጻፍልን። ሴት እህቶቻችንም ይጻፉ፤ እስካሁን ክርክሩ የወንዶች ብቻ ሆኖ መቆየቱ ራሱ የበሽታው አንድ ምልክት ሳይሆን አይቀርም።